ማንጎ የሚለቅም የሌለባት ከተማ

አሶሳ በተከራየነው ግቢ የረገፈ ማንጎ ሲበሰብስ ሽታው ያደግኩባትን ድባጤን ያመጣብኛል። አጎቴ እዚያ አስተማሪ ነበር፤ ስለ መጪው ዘመን ልብ ወለድ እየጻፈ ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ያነብልን ነበር። በአንዱ ታሪኩ ከተማዋ ሰው የላትም፤ የረገፈውን ማንጎ አንዲት ማሽን ብቻ ትለቅማለች።

«ሰዎቹስ የት ገቡ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ! ስጽፍ አጣኋቸው።»

«ጋሼ ደግሞ! አንተ አይደለህ የፈጠርካቸው?» ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም።

ከዓመታት በኋላ ተኩስ ሰፈራችን ሲደርስ ወደ አሶሳ ሸሸን። ማንጎው በስሎ ነበር፤ የሚለቅመው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አጎቴ አንድ መስመር አልጻፈም።

ዛሬም ነዘነዝኩት። «ጻፍና ሰዎቹን መልሳቸው!»

«መጀመሪያ ድባጤን ባዶ ያደረግኳት እኔ ብሆንስ?» አለኝ።

አጠገባችን ማንጎ ዱብ አለ። ሁለታችንም አላነሳነውም።