የትርንጎ ፌስታል

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቢቸና መናኸሪያ ተነሣሁ። የምሄደው ሞጣ ነው፤ ትርንጎን ላያት። ትርንጎ የስምንት ዓመት የቢቸና ልጅ ናት። እናት አባቷ ካረፉ ወዲህ፣ ሞጣ ውስጥ በአደራ የተቀበሏት እትዬ እናትነሽ ቤት ትኖራለች። እኔ በሙያዬ አስተማሪ ነኝ፤ ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ እንደ እርሷ በአደራ ቤተሰብ የሚያድጉ ልጆችን እየጎበኘሁ፣ ያየሁትንና የነገሩኝን ለሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የማደርስ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። የዛሬው ግን ከበድ ይላል። «ልጅቷ ቤቱን አልለመደችም፤ አትናገርም» የሚል ወሬ መጥቷል። ሰኞ የማቀርበው ወረቀት እዚያው ትቆይ ካላለ፣ ባሕር ዳር ወዳለ ማሳደጊያ ትዛወራለች።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ዳዊቴን ደገምኩ። ሰሞኑን መንገዱ ክፍት ነው ቢባልም፣ ስንንቀሳቀስ ያላማተበ አልነበረም። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ጉሙ ወርዶ ጤፉ ላይ ተኝቶ ነበር። በግራ የጮቄ ተራሮች ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። ነቃ አንቀላፋ ስል፣ ማሳው በነፋስ ሲታጠፍ የአገሬ የአርባ ምንጭ ሐይቅ መሰለኝ። ዳርቻው ላይ ማን እንደቆመ ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ግንባሬ መስኮቱን መታው።

ሦስት ሰዓት፣ ግንደወይን

ሹፌሩ ቁርስ ሊበላ ቆመ። ከአጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የገዙትን ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።

«ንግግርሽ የዚህ አይመስልም፤ ከየት ነሽ እቴ?»

«ከአርባ ምንጭ ነኝ። ቢቸና ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው።»

«እሰይ! ታዲያ ወደ አገርሽ መቼ ልትሄጂ ነው?»

ሁሉም ይህንኑ ይጠይቁኛል፣ በፍቅር። እኔም እንደልማዴ «እግዜር ያውቃል» አልኳቸው።

አምስት ሰዓት፣ ሞጣ

የጊዮርጊስን ደጅ ተሳልሜ እትዬ እናትነሽ ቤት ስገባ፣ መጀመሪያ ያየሁት ፌስታሉን ነው። ልጅ ቤት መልመዱን የማውቀው በዕቃው ነው። ከሁለት ወር በፊት ትርንጎን ይዣት ስመጣ ልብሷን የቋጠርንበት ፌስታል በር ሥር ምስማር ላይ እንደተቋጠረ ተንጠልጥሏል።

«አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መልሳ እዚያው ትቋጥረዋለች» አሉኝ እትዬ እናትነሽ በሹክሹክታ።

ትርንጎ መደቡ ላይ፣ አዲስ አጎዛ ተነጥፎላት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የቤቱ ልጅ ቤዛ መጥረጊያ ይዛ ወለሉን ትጠርጋለች።

«እንግዳዋ እግሯን ከፍ ታድርግልን!» አለቻት ትርንጎን።

«ቤዛ! አፍሽን ያዢ!» አሉ እናቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምን አጎደልኩባት መምህርት? ውኃ አላስቀዳኋት፣ መጥረጊያ አላስያዝኳት፣ ተቆጥቻት አላውቅ። የሰው ልጅ አታሠሪ ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺው አይደለሽ?»

እውነት ነው። ልጅቷን ባስረከብኳቸው ቀን የጽሕፈት ቤቱን መመሪያ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

ልጅቷን ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ጌሾው ሥር ተቀመጥን።

«ትርንጎዬ፣ እዚህ ከፍቶሻል?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አልከፋኝም ማለቷ ነው።

«ታዲያ ልብስሽን ለምን አትፈቺውም?»

ንብ ስትዞረን፣ ከሩቅ ዜማ ሲመጣና ሲሄድ ጠበቅኳት።

«እንግዳ ይሄዳል እኮ» አለችኝ። «ቤዛን ይልኳታል። ቤዛን ይቆጧታል። እኔን ማንም አይልከኝም።»

ተመልሼ ገባሁ። «እትዬ እናትነሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይላኳት። አቅሟን ዐይተው፣ ቤዛን የሚያዙትን ያህል ይዘዟት።»

«ኋላ ‹የሙት ልጅ ታሠራለች› ቢሉኝስ?»

«እኔ ይዘዟት እንዳልኩ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ነጠላቸውን ሁለት ሦስቴ አስተካከሉ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፦ «ትርንጎ! ተነሽ እስቲ፣ ከዘይነባ ሱቅ ሽንኩርትና ጨው አምጪ! ፈጠን በይ!»

ልጅቷ ሌላ ትርንጎ ያለች ይመስል ኋላዋን ዞራ አየች። መያዣ ፈለገች። ፌስታሉን ከምስማሩ አወረደች፤ ልብሷን ቤዛ አልጋ ላይ ዘረገፈችና ወጥታ በረረች።

«አልጋዬን! እማዬ፣ አየሻት?» ቤዛ ጮኸች።

ብዙም ሳይቆይ የባለሱቋ የዘይነባ ድምፅ በአጥሩ ላይ መጣ። «እናትነሽ! ኧረ ልጅሽ ጨዉን ጥላው ሄደች!»

ትርንጎ ሽንኩርቱን አቅፋ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምን ዓይነት ቀልበ ቢስ ልጅ ናት! ተመለሽ!» አሏት እትዬ እናትነሽ። ትርንጎ ሳቀች። በዚያ ቤት ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው፤ እየሳቀች ተመልሳ ሮጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቢቸና

ወረቀቱን በመንገድ ላይ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ትርንጎ እዚያው እንድትቆይ፤ ስለ ሥራው ያነበብኩት ማስጠንቀቂያም ልጅቷን እንዴት እንደጎዳት፣ የራሴን ጥፋት ሳልደብቅ።

ግቢ ስገባ የቤት አከራዬ እማማ ጥሩወርቅ ሰፌድ ይዘው ስንዴ ይለቅማሉ። «እንግዳችን መጣች! አረፍ በይ» አሉኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ይሉኛል። የኔም ሻንጣ ስድስት ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር እንደተቆለፈ ነው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና የሰፌዱን ጠርዝ ሳብ አደረግሁ።

«ተይው ልጄ፣ እጅሽ ይቆሽሻል።»

አልተውኩም። ቀና ብለው አዩኝና፣ ሰፌዱን ለቀቁልኝ።

«በይ እንግዲያው፣ ዓይንሽን ገልጠሽ ልቀሚ!» ብለው ተቆጡኝ። «ይኸው ጠጠር አለፈሽ!»