ለእንግዳ የጸዳው ቀፎ

ዛሬ ጠዋት ቀፎዬን ስከፍት ውስጡ ጉንዳን ብቻ ነው። የንቦቹን እጭ ጨርሶ፣ ያላመለጡትን ንቦች ቆራርጦ እየጎተተ ነበር። የቀሩት ንቦች ጥለው ጠፍተዋል።

እኛ መቲ ከተማ ንብ የምናረባ ሰዎች ጉንዳንን እናውቀዋለን። ለዚህ ነው የቀፎውን ማስቀመጫ እግሮች የተቃጠለ የመኪና ዘይት የምቀባው፣ ዙሪያውንም አመድ የምነሰንሰው። ሲያዩት ያስጠላል፣ አልክድም። ግን ጉንዳን ዝር አይልም።

ትናንት እኔ ገበያ ስሄድ የንብ አርቢዎች ማህበራችን ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን "ንቦቹን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ" ብለው ሰው ይዘው ግቢዬ ገቡ። አመዱን አስጠረጉ። ዘይቱን በሳሙና አሳጠቡ። በሳሙና!

ዛሬ እየጮህኩ ስጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

"አንቺ ልጅ፣ ግቢሽ እኮ ጋራዥ ይመስል ነበር። እንግዳ ፊት አያሳፍርም?"

እንግዶቹ አልመጡም። መንገዱ ጭቃ ሆኖባቸው ነው አሉ። ጉንዳኑን ግን ጭቃ አላገደውም።

በጉንዳኑ እንኳን አልፈርድም፣ የለመደውን ነው ያደረገው። ንቦቼን የፈጀው "እንግዳ ምን ይላል" የሚባለው በሽታችን ነው።

ይሄን እየጻፍኩ ጋሽ መኮንን ደወሉ። "እንግዶቹ ነገ ይመጣሉ፣ ተዘጋጂ።"

ይምጡ! ቀፎው ጽድት ብሏል፤ የሚያቆሽሸው አንድ ንብ እንኳን የለም።

እናንተስ ቤት ለእንግዳ ዓይን ተብሎ ምን ጠፋ? ጻፉልኝማ፣ ብቻዬን አልብገን።