ከጠጅ ቤት የመጡት ሁለት ጋኖች

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ቀን ልነሳ። ደርግ በገባ በዓመቱ ጂንካ ውስጥ እትዬ ትርንጎ ጠጅ ቤት ጋን አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። እትዬ ትርንጎ ከደጋ የመጡ፣ ቁጡ፣ እጃቸው ግን ለመስጠት የማይሰስት ሴት ነበሩ። አንድ የተገለበጠ ጋን አሳዩኝና «አጥቢው» አሉኝ። በአሸዋና በግራዋ ቅጠል ፈትጌ፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቄ ጨረስኩ አልኳቸው። አንገታቸውን ጋኑ ውስጥ ከተው አሸተቱና «እጅሽ ሠርቷል፤ አፍንጫሽ ገና ሥራ አልገባም። ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት። ማታ ክንዴ እስኪዝል አጠብኩና ሥራው ትንሽ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። እትዬ ትርንጎ አዩኝ። «አታኩርፊ፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል» አሉኝ። ለጠጅ የቆየ ጋን እንደሚመረጥ ያስተማሩኝም ያን ሰሞን ነው። ሸክላው የቀድሞውን ጠጅ ጠጥቶ ስለሚይዝ አዲሱን ጥንስስ ቶሎ ያስነሳዋል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ያደርገኛል።

ከጋን አጣቢነት ወደ ቀጂነት፣ ከቀጂነት ወደ ጠጅ ጣይነት ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

ማሩን የሚያመጡልን ጋሼ ማርቆስ የሚባሉ የአሪ ገበሬ ነበሩ። ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ በበቅሎ ጭነው ይወርዳሉ። የወንጌል አማኞች ሽማግሌ ስለሆኑ መጠጥ የሚባል በአፋቸው አይዞርም። ማሩን ደጅ ላይ አስመዝነው ይመለሳሉ እንጂ ከመጋረጃው አያልፉም።

አንድ ቀን ፀሐዩ ከረረና አሳዘኑኝ። ከራሳቸው ማር ትንሽ ቀንሼ በቀዝቃዛ ውኃ በጠበጥኩላቸው። ብርዝ ማለት ይኸው ነው፤ ጌሾ ያልገባበት፣ ያልፈላ ማርና ውኃ። በብርሌ ስሰጣቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። በሻይ ብርጭቆ ገልብጬ ስሰጣቸው ጭልጥ አደረጉት።

«ታደለች፣ የኛ ሰው ገበያ ሲመጣ የሚጠጣው የለውም። ይኼን ለምን አትሸጪም?» አሉኝ።

ያቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። ለእትዬ ትርንጎ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ማሩ ከጫካ፣ ውኃው ከወንዝ! ማን ይገዛሻል?» አሉ። ሥራውን ለቅቄ ስወጣ ግን ሁለት አሮጌ ጋኖች አሸክመው ላኩልኝ፤ መቋቋሚያ ይሁንሽ ብለው። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ፈቃድ ለማውጣት ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ «ጠጅ ቤት ነው ሻይ ቤት?» አሉኝ። ብርዝ ቤት ነው አልኩ። ፎርሙን አገላብጠው «እሱ እዚህ ላይ የለም» አሉ። በሻይ ቤት ስም ተመዘገብኩ። ሻይ ሳትሸጥ ተገኘች እንዳልባል አንድ ማንቆርቆሪያ ገዛሁ።

ቤቱን የተከራየሁት ከሣሩ አውሮፕላን ሜዳ ዳር ነው። የመጀመሪያውን ወር ሰው ዝር አላለም። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሀጂ ሁሴን አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሙና «ይኼን መጋረጃ ለማን ሰቀልሽው?» አሉኝ። መጠጫ ቤት ሲባል መጋረጃ ያለው ብቻ ነበር የማውቀው።

«መጋረጃ ካለ ጠጅ አለ ይላል ሰው። አውርጂው። የኔም ሰዎች የማርቆስም ሰዎች ሲጠጡ ቢታዩ የማያፍሩበት ይሁን» አሉኝ።

አወረድኩት። አግዳሚ ወንበሮቹንም አውጥቼ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞርኩ። አውሮፕላን በሚመጣ ቀን ከብቶቹ ከሜዳው ሲባረሩ የከተማው ሰው ሊያይ ይወጣል። ቆሞ ከሚያይ ቁጭ ብሎ ብርጭቆ ይዞ ማየት ጀመረ። በረመዳን ሀጂ ሁሴን ለማፍጠሪያ አዘዙኝ፤ እሳቸውን አይቶ ሌላውም አዘዘ። ሥራዬ እግር አወጣ።

ቀጥሎ ዓይኔን ካኮ ላይ ጣልኩ። ካኮ ከጂንካ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ያለ ገበያ ነው። የበና ሰው ከብቱንና ማሽላውን፣ የአሪ ሰው ቡናውንና ቆጮውን ይዞ ይገናኝበታል። ጋሼ ማርቆስ «አንቺ ብርዙን አምጪ፣ ሰው እኔ አመጣለሁ» አሉኝ።

ለዚያ ሁሉ ሰው የጂንካዎቹ እንስራዎቼ አይበቁም። እስከዚያ ቀን የመታጠቢያ ውኃ ብቻ የማጠራቅምባቸው የእትዬ ትርንጎ ጋኖች ትዝ አሉኝ። ጋን ማጠብ ደግሞ ለእኔ! ሦስት ቀን ሙሉ ፈተግኳቸው። ለገበያው ዋዜማ ብርዙን በጥብጬ እነሱ ውስጥ አሳደርኩት።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ በአፌ አይዞርም፤ ስለዚህ ጠዋት አሸተትኩት እንጂ አልቀመስኩትም። አፍንጫዬ ደግሞ ስድስት ዓመት ጠጅ ቤት የኖረ አፍንጫ ነው። የጠጅ ሽታ ቢኖር እንኳ እንደ ቤቱ ሽታ ስለሚቆጥረው አይለየውም። በአዲስ ጀሪካን ቀድቼ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። መንገድ ላይ ክዳኑ እስስ እያለ ሲተነፍስ የመኪናው መንገጫገጭ ነው አልኩ።

ካኮ ስደርስ ጋሼ ማርቆስ ሃያ የሚሆኑ አማኞች ሰብስበው ይጠብቁኛል። «ማሩ የኔ ነው። መጠጥ የለበትም፤ በስሜ ይሁን፣ ጠጡ» አሏቸው። ጠጡ። አፍ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር አለውና ወደዱት። ሁለተኛ ቀዳሁ፣ ሦስተኛ ቀዳሁ። ገበያው ደራልኝ ብዬ ልቤ ጮቤ ረገጠ።

ከዳር የተቀመጡ አንድ የበና አዛውንት ሦስተኛውን ጨርሰው አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ጥሩ ጠጅ ነው። ግን ገና ነው፤ ሁለት ቀን ይቀረዋል» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ።

ከአማኞቹ መሃል ያሉት ሴቶች ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ። ጋሼ ማርቆስ ወደ አፋቸው ሊያደርሱት የነበረውን ብርጭቆ እንደያዙ ቀሩ። ጾሜን ገድፌ ቀመስኩት። አዛውንቱ አልተሳሳቱም። ሸክላው ውስጥ ተደብቆ የኖረው የጠጅ ርሾ ከቆላው ሙቀት ጋር ተባብሮ ብርዜን አፍልቶታል። አፈር በበላሁ አልኩ።

ያን ጊዜ ለአማኞች ክፉ ጊዜ ነበር። የጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየሰው ቤት ነበር የሚሰበሰቡት። የቀራቸው ሀብት ስማቸው ነው። ጋሼ ማርቆስ ወንድሞቻቸውን መጠጥ አጠጡ ተብለው ከሽማግሌነት ታገዱ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጂንካ ገባ። ሀጂ ሁሴን እንኳ «ልጄ፣ እኔ አምንሻለሁ። ሰው የተጠራጠረውን ግን ለማፍጠሪያ ማቅረብ አልችልም» አሉኝ። ወንበሮቼ ላይ ዝንብ ተቀመጠ።

እትዬ ትርንጎ ሰሙና «ጠጅ ጣይዬ ሄዳብኛለች፤ ነይ ግቢ» ብለው ላኩብኝ። ልገባ ነበር፣ አልዋሽም። ያስቀረኝ የጋሼ ማርቆስ ነገር ነው። እኔ ጠጅ ቤት ብመለስ «አላልናችሁም? ድሮም ጠጅ ነበር» ተብሎ በሰውየው ላይ ይጸናባቸዋል።

ግማሽ ቀን ዳገት ወጥቼ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቀፎ እየጠገኑ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

«አልተቆጣሁሽም። ሳልቀምስ መሰከርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ።

«እኔም ሳልቀምስ ሸጥኩ፣ ጋሼ። ሽማግሌዎቹ ጋ ይውሰዱኝ» አልኳቸው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። ጋኖቹ ከጠጅ ቤት እንደመጡ፣ በአጣጠቤ ኮርቼ እንደተጠቀምኩባቸው፣ ጾም ይዤ ሳልቀምስ እንደጫንኩ ነገርኳቸው። ጋሼ ማርቆስ ምንም እንደማያውቁ ማልኩላቸው። አንደኛው «ነገስ የምታመጪው እንዳልፈላ በምን እናውቃለን?» አሉኝ። «በዓይናችሁ» አልኩና የያዝኩትን አዲስ ባልዲ አወጣሁ። እጄን ታጠብኩ። ከምንጫቸው በተቀዳ ውኃ፣ ከጋሼ ማርቆስ ጓዳ በወጣ ማር፣ ፊታቸው በጠበጥኩ። ቀምሼ ቀዳሁ።

እጁን የዘረጋ የለም። አለቀልኝ ብዬ ነበር።

በመጨረሻ ጥግ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ተነሱ። «ውኃው የኛ ነው፤ ማሩ የማርቆስ ነው። የሷ እጇ ብቻ ነው፤ እሱንም ስትታጠብ አይቻለሁ» አሉና ተቀብለው ጠጡ። ከእሳቸው በኋላ ብርጭቆው ዞረ። በሳምንቱ የጋሼ ማርቆስ እገዳ ተነሳ። የሰማሁ ቀን ብቻዬን እልል አልኩ።

ጋኖቹን ለእትዬ ትርንጎ መለስኩላቸው። «ድሮስ ጋን የሚረሳ መስሎሽ ነው?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ተስማማን፤ ማታ የተረፈኝን ብርዝ እሳቸው ለጠጅ ይወስዱታል። ከዚያ ወዲህ በእኔ ቤት ያደረ ብርዝ ተሽጦ አያውቅም።

ካኮ ስመለስ ማሩን ለብቻ፣ ውኃውን ለብቻ ጭኜ ሄድኩ። ገዢው ፊት እጄን እታጠባለሁ፣ ገዢው ፊት እበጠብጣለሁ። ሰው መበጥበጡን ሊያይ ይከበኛል፤ ከከበበኝ ደግሞ ሳይጠጣ አይሄድም። ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለገኝም። ከጊዜ በኋላ መኪኖች በሚያድሩበት በወይጦ መንደርም ሁለተኛ ቤት ከፈትኩ። የጋሼ ማርቆስን ልጅ አስቴርንና የሀጂ ሁሴንን የእህት ልጅ ከድጃን ቀጠርኩ። በእኔ ጾም አስቴር ትቀምሳለች፤ በከድጃ ጾም እኔ እቀምሳለሁ።

ጋሼ ማርቆስ እስኪያረጁ ድረስ በየካኮ ገበያው የመጀመሪያውን ብርጭቆ የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ። ጎንጨት ይሉና አፋቸው ውስጥ ያቆዩታል። ሰዉ ይጠብቃቸዋል። ከዋጡ በኋላ ዞረው «አሁን ቀምሻለሁ» ይላሉ።

በሥራው ዘመኔ የተማርኩት ይኸው ነው። ያልቀመሳችሁትን አትሽጡ። ጾም ከያዛችሁ የሚቀምስ ሰው ቅጠሩ።