ጋቢዬን የለበሰው በለስ

ቶሮንቶ ውስጥ በለስ ዊንተሩን እንዲያልፍ መጠቅለል አለበት ብለው ለባለቤቴ የነገሩት ጣልያናዊው ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸው በጆንያ ማለታቸው ነበር። የኔ ሰው ግን እናቴ ያሠራችልኝን ጋቢ ከቁም ሳጥን አውጥቶ፣ ጓሯችን ያለውን የበለስ ዛፍ እስከ አናቱ አከናነበው። "ዋናው ሙቀቱ ነው" አለኝ።

ጋቢው በረዶ ጠጥቶ እንደ ጣውላ ተገተረ። በለሱ ግን ግንቦት ላይ አቆጠቆጠ፤ ነሐሴ ላይ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ባለቤቴ ፍሬውን በሳህን እያዞረ፣ ለቀመሰው ሁሉ "የጋቢው ሥራ ነው" ይላል። ጎረቤታችን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ዘንድሮ ብርዱ ሲጠናብኝ፣ ሂተሩን ከፍ እንዲያደርገው ለመንኩት።

"ምነው፣ ጋቢሽን አትደርቢም?" አለኝ።

በጓሮ በኩል ያለውን የመስኮት መጋረጃ ገለጥኩለት። በለሱ ጋቢዬን ተከናንቦ፣ ከሁለታችንም ይልቅ ደልቶት ቆሟል።