የሜኔር ሆልትሮፕ ግማሽ ገጽ

ሜኔር (በሆላንድኛ “አቶ” ማለት ነው) ሆልትሮፕ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የሆነውን የሰማ ሁሉ እሳቸውን መርገም ስለሚቀናው ነው። እኔ እንኳ አልረገምኳቸውም።

ሆላንድ አገር፣ እኛ ሄግ በምንላት ዴንሃኽ ውስጥ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ወደ ስኬቨኒንገን በሚወስደው የትራም መስመር ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነበር የሚኖሩት። የቤት ረዳት አድርጎ የላከኝ ድርጅት ማክሰኞና ዓርብ ሦስት ሦስት ሰዓት መድቦልኛል፤ ወለል እወለውላለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ድንች እልጣለሁ። ጊዜው በፈረንጅ 1985 ነው። እሳቸው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ እኔ የትነበርሽ ሠላሳ ስምንት።

ላይደን ዩኒቨርሲቲ ተምረው በሃያ አራት ዓመታቸው፣ ሆላንድ ያኔ ትገዛው ወደነበረው ኢንዶኔዥያ በመርከብ ሄዱ። ሱላዌሲ በሚባል ደሴት፣ ተራራ ላይ፣ የወረዳ ሹም ሆኑ። ሹመቱን ትተው የሰዉን ወግ መጻፍ ያዙ፤ መሬት እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ሰው ሲሞት ማን ፀጉሩን እንደሚላጭ ሳይቀር። በጦርነቱ ጃፓን ደሴቱን ሲይዝ ሦስት ዓመት ታሰሩ፤ ሚስታቸው እዚያው እስር ቤት ሞተች። ልጅ የላቸውም። አገሩ ነፃ ሲወጣ ይህን ሁሉ የጻፉበትን የማስታወሻ ካርድ ሻንጣ ሙሉ ይዘው ተመለሱ። ስለ ሚስታቸው አንድ ቀን ሲያነሱ አልሰማሁም። ስለ ተራራው ሰዎች ወሰን ግን ጠይቋቸው! የዛሬ ምሳቸውን ረስተው፣ የ1932ቱን የወሰን ክርክር ከነምስክሮቹ ስም ይዘረዝሩላችኋል።

የኔ ልጅ ጥሩአየሁ አገር ቤት፣ ደሴ ከተማ፣ ከእህቴ ከአበባይሽ ጋር ነበረች። አገር ጥዬ ስሸሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚህ የመኖሪያ ወረቀት ካገኘሁ በኋላ ላስመጣት አመለከትኩ፤ ተመለሰብኝ። ጠበቃዬ ቁልጭ አድርጋ ነገረችኝ፤ አሥራ ስምንት ሳይሞላት ሁለተኛው ማመልከቻ ካልገባ በልጅነት አትመጣም። በጥር ይሞላታል። ማመልከቻው እንዲታይልን የተከበረ የአገሩ ሰው ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እናቷን አውቃታለሁ፣ ሥራ አላት፣ ቤት አላት የሚል። “ግማሽ ገጽ ይበቃል” አለች።

መጋቢት ላይ ሜኔርን በተሰባበረ ሆላንድኛዬ ለመንኳቸው። ደስ አላቸው፤ የምሬን ነው፣ ፊታቸው በራ። “ያልመረመርኩት ነገር ላይ ፈርሜ አላውቅም፤ መጀመሪያ ልጠይቅዎት” አሉ። ይገባል አልኩ።

ምርመራው ተጀመረ። ከሥራው በኋላ አንድ ስኒ ሻይ፣ አንድ ብስኩት (ሁለተኛ እንዳታስቡ!)፣ ከዚያ ጥያቄ። ወረኢሉ የአባትዎ መሬት ለማን ደረሰ? ጥሎሹን ማን ይቀበላል? ሙሽራ ስትወጣ ማን ያለቅሳል? ያንኑ ጥያቄ ከሦስት ሳምንት በኋላ አዙረው ያመጡታል። “ባለፈው የበኩር ልጅ ይወስዳል ብለው ነበር፤ ዛሬ እኩል ነው አሉ” ብለው ያፋጥጡኛል። ወይ ጣጣዬ! አንድ ሣጥን በካርድ ሞላ፣ ሁለተኛው ተጀመረ።

ሰኔ ላይ ጠበቃዬ ደወለች፣ ነሐሴ ላይ ደገመች። “የማውቀው ቄስ አለ፤ ዛሬውኑ ይጽፍልሻል” አለችኝ። እምቢ አልኩ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ እየደከመልኝ ከጀርባቸው ሄጄ ሌላ ደጅ ልጥና? ይሉኝታ ያዘኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ በማንም አላሳብብም። አንዴ ብቻ፣ ኅዳር ላይ፣ ወለሉን እየወለወልኩ ቀና ሳልል “ሜኔር፣ ጥር እየደረሰ ነው” አልኳቸው። “ችኮላ የዋና መሥሪያ ቤት በሽታ ነው፤ እኛ የወረዳ ሰዎች አንቸኩልም” አሉኝ። ሳቅሁላቸው።

ጥር አለፈ። የልደቷን ዕለት የሰው መታጠቢያ ቤት ሳጥብ ዋልኩ።

የካቲት ላይ አንድ ዓርብ ሙሉ ልብስ ለብሰው ጠበቁኝ። በሁለት እጃቸው አንድ ጥራዝ ሰጡኝ፤ በታይፕ የተመታ፣ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። “ይህን ለሚኒስቴሩ ያቅርቡ። ከሠላሳ አምስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራሁም” አሉ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ።

ጠበቃዬ ከዳር እስከ ዳር ገለጠችው። ልጄ አርባ አንደኛው ገጽ ላይ አለች፤ “መረጃ ሰጪዋ አንዲት ሴት ልጅ አላት፤ በአክስቷ ዘንድ ታድጋለች” ይላል። ሌላ ስለሷ ምንም የለም። ስሟም የለም።

“ግማሽ ገጽ ነበር ያልኩሽ። አሁንማ ቢኖርም ጊዜው አልፏል” አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ትራሙ እንዳያመልጠኝ ሰዓቴን አየሁ።

ሚያዝያ ላይ የአበባይሽ ደብዳቤ መጣ። ልጅቷ ወደኔ እንደማትመጣ ስታውቅ፣ ለአንድ ነጋዴ ልትድራት ተስማምታለች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። አልፈረድኩባትም፤ ዘጠኝ ዓመት ያሳደገቻት እሷ ናት። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ማክሰኞ ሥራ ገባሁ።

ሻይ ላይ ሜኔር አዲስ ካርድ አወጡ። “የዘለልኩት ነገር አገኘሁ። ሠርግ ላይ የሙሽራዋ እናት ከሌለች፣ በእናት ቦታ ቆማ የምትመርቃት ማን ናት?”

ሣጥኑን ልገለብጥባቸው ፈለግኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ውሸት ነው። ምንም አልፈለግኩም። እጄ ስኒውን እንደያዘ ነው፤ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላውቅም።

“እናቷ ሞታ ነው ወይስ በሕይወት እያለች?” አልኳቸው።

“ልዩነት አለው?”

“አለው።”

“እሺ፣ ሞታ ከሆነስ?”

“አክስቷ።”

ጻፉ። “በሕይወት ካለችስ?”

“በሕይወት ያለች እናት ከልጇ ሠርግ አትቀርም” አልኳቸው።

እሱንም ቃል በቃል ጻፉት።