የኤርምያስ ተራራ

ልጅ ሳለሁ፣ በስደት አገር፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ ቅዳሜ ማታ ጋሽ ሀብቴ የሚባል ሰው እየመጣ ከእሳት ምድጃው አጠገብ ያለውን ደህናውን ወንበር ይይዝ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እያልኩት ነው ያደግኩት፤ እዚህ ግን «እሱ» ይበቃዋል። ባህር በሚያጠኑ ሰዎች መርከብ ላይ ለአንድ ክረምት ሳህን አጥቧል፤ ወሬውን ለሰማው ግን መርከቡን የሚነዳው እሱ ነበር። እናቴ ጥብስ ታቀርብለታለች፣ እሱ ጣቱን እየላሰ ፍሙን ይቆሰቁሳል፣ እኛ ልጆች ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለን እንሰማለን።

ያኔ የሚያወራልን ስለ ባህር ስር ተራሮች ነበር። ከራስ ዳሽን የሚበልጡ ተራሮች ውሃው ስር በጨለማ ቆመዋል፣ ቀድሞ ያገኛቸው ሰው ደስ ያለውን ስም ያወጣላቸዋል ይለን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ኤርምያስ አላስካ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ከነጀልባው ሰጥሞ ቀርቶ ነበር። አስከሬኑ ስላልተገኘ እናቴ ሄዳ የምታለቅስበት መቃብር አልነበራትም። ይህን የሚያውቀው ጋሽ ሀብቴ አንድ ቅዳሜ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አልማዝ እህቴ፣ የመርከቡ ካፕቴን ኮል አድርጎልኝ ነበር። ሶ፣ ተራራው ተገኝቷል፤ ስሙን ኤርምያስ ልንለው አስበናል» አላት። ከዚያ ወዲያ ተራራው በየሳምንቱ ቁመት ይጨምር ጀመር፤ ጥብሱም አብሮ ጨመረ።

ኮሌጅ ስገባ ስለ ባህር የሚያስተምሩንን ሴትዮ ጠየቅኳቸው። ለካ ለባህር ስር ተራራ ስም ማውጣት የፈለገ ሰው ካርታውን፣ ጥልቀቱንና ምክንያቱን ይዞ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። በሰው ስም ከሆነ ደግሞ ለባህር ጥናት የደከመ፣ አብዛኛውን ጊዜም የሞተ ሰው ይመረጣል፤ ካልሆነም ያገኘችው መርከብ ስም ይሰጠዋል። የኮሚቴውን ሰዎችም ናቅኳቸው፤ ማንም የማይወጣውን ኮረብታ ተሰብስበው ለመርከባቸውና ለባልደረባቸው ያድላሉ። ከሁሉም በላይ ግን የእናቴን ሐዘን የጥብስ ማወራረጃ ያደረገውን ያንን ሆዳም ተጸየፍኩት።

እናቴ አሁን ወደምትኖርበት ከተማ፣ ወደ ፌደራል ዌይ ነድቼ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም።

«ውሸቱን ያኔም አውቀው ነበር» አለች። «አባትሽም፣ የንስሐ አባታችንም፣ እናንተም፣ እንዳላዝን ብላችሁ የልጄን ስም መጥራት ተዋችሁ። እዚያ ቤት ኤርምያስ የሚል ሀብቴ ብቻ ነበር።»

ጋሽ ሀብቴን ዛሬም እንቀዋለሁ፤ ያንን ማንም አያስተወኝም። ከተረቱ ሁሉ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው ያ ቀን ነው። እናቴ ፊት ቆሜ የወንድሜን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩና «ኤር…» ብዬ አቆምኩ። እሷ ደግሞ እጇ ላይ ያለውን ልብስ አስቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር።