ጅብ፣ ውሻና ዶሮ

ልጅ ሳለሁ ኮልፌ ገበያው ጀርባ አባባ ሸምሱ የሚባሉ ፍራሽ ሰፊ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ያኔ ከመግሪብ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ጥጥ በሞላው ክፍላቸው እንሰበሰብና፣ ከጥጡ ርቆ መስኮት ላይ የተቀመጠው ፋኖስ እየተርገበገበ ተረት ይነግሩናል። ተረቱ ሲያልቅ ጥያቄ ይከተላል፤ ለመለሰ አንድ እፍኝ ቆሎ። እኛ ደግሞ መልሱን ለጎናችን ሹክ እንላለን። ሲደርሱብን አልተቆጡም፤ ጥያቄውን እየለወጡ ለእያንዳንዳችን በጆሯችን ይነግሩን ጀመር።

አንድ ምሽት ተረቱ ወንዝ ስለሚሻገር ሰው ነበር። ታንኳው ከሰውየው ሌላ አንድ ነገር ብቻ ይይዛል። ለአንዱ ልጅ ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ሰጡት፤ ለሌላው ቀበሮ፣ ዶሮና እህል። ለእኔ ጅብ፣ ውሻና ዶሮ ደረሰኝ፤ አንዱ ሌላውን ሳይበላ አሻግሪ ተባልኩ። ጅቡን ስወስድ ውሻው ዶሮዋን ይበላል፤ ውሻውን ስወስድ ጅቡ ዶሮዋን፤ ዶሮዋን ስወስድ ጅቡ ውሻውን። ልጆቹ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ «ይቺ ደነዝ ገና ወንዙ ዳር ናት» ብለው ሳቁብኝ። እኔም አመንኳቸው።

በሦስተኛው ቀን አባባ ሸምሱ ራሳቸው በራችንን አንኳኩ። «ልጄ፣ በጠጠር ሞከርኩት፤ አይሻገርም። ጥፋቱ የጥያቄዬ እንጂ ያንቺ አይደለም» አሉና ቆሎዬን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከመጠየቃቸው በፊት እያንዳንዱን ጥያቄ ራሳቸው በጠጠር ያሻግሩት ነበር።

ይህን ያስታወሰችኝ ልጄ ሰሚራ ናት። ባለፈው ሳምንት የኮሌጁን የፕሮግራሚንግ ፈተና በኦንላይን ተፈተነች፤ ካላለፈች ትምህርቷ እዚያው ያበቃል። እንዳይኮራረጁ ብሎ ኮምፒውተሩ ለየተማሪው ቁጥሩን ይቀያይራል አሉ።

«ወደቅኩ እማ፤ ጭንቅላቴ አይሠራም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እስቲ ጥያቄውን እኔ በሚገባኝ ንገሪኝ አልኳት። ሦስት ቤተሰብ፣ ማንም ከቤተሰቡ ሳይነጠል፣ በሁለት ሚኒባስ የሚደለድል ፕሮግራም ጻፊ ነው የተባለችው፤ እያንዳንዱ ሚኒባስ አሥራ ሁለት ሰው ይይዛል። ለጓደኛዋ የደረሷት ቤተሰቦች ስድስት ስድስት ሰው ናቸው፤ ለእሷ የደረሷት ሰባት ሰባት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ ሽምብራ አምጥቼ ምንጣፉ ላይ ደረደርኩ። ሰባቱ ከገቡ አምስት ወንበር ይተርፋል፤ ሦስተኛው ቤተሰብ የትም አይገባም።

«እኔም አይገቡም ብዬ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ተሳስተሻል አለኝ። ስሞክር ስሞክር ሰዓቱ አለቀ» አለች።

ለመምህሩ ጻፈች። «ሌሎቹ ሠርተውታል» የምትል አንዲት መስመር መጣች። ደግማ ጻፈች፤ ዝም። ውጤቱ ነገ ይጸድቃል። ሱብሂ ሰግጄ እጄን ስዘረጋ ሌላ ቃል ጠፍቶብኝ፣ ያ መምህር አንዴ ጠጠር ይዞ እንዲቀመጥ ብቻ አላህን ለመንኩ።

ከአባባ ሸምሱ ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። የቀረልኝ ያ የበራችን መንኳኳት ነው። ሽምብራውን ከምንጣፉ ላይ እስካሁን አላነሳሁትም። ዛሬ በሩ ሁለቴ ተንኳኳ፤ ሰሚራ ሁለቴ ቀና አለች። ሁለቴም ጎረቤት ነበር።